መያዣው ከመርጫው ይቀድማል፦ የጊታር ክፍሎችን ቀለም ስንረጭ በምን እንያዝ፣ የት እንስቀል

ጊታሩን ቀለም ለመቀባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለሙ ነው። የትኛው ቫርኒሽ ይሻላል? ቲነሩ ምን ያህል ይሁን? ኮምፕሬሰር የግድ ነው ወይስ የቆርቆሮው ስፕሬይ ይበቃል? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው። እርጥብ ሳለ በምን ትይዘዋለህ? ከእጅህ ሲወርድስ የት ይሰቀላል?

ብዙው ሰው እዚህ ላይ ያመነታል። "ያው አንድ ነገር ላይ አስደግፈዋለሁ" ይላል። እርጥብ ቀለም ግን የትም አይደገፍም።

የምሠራው ባሕር ዳር ነው፤ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዋንዛ የተሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር ቦዲ (ዋናውን አካል) እየቀባሁ ነበር። ለጥር ሠርግ መድረስ ነበረበት። ማንጠልጠያ ያደረግኩት ማንገቻው በሚታሠርበት በታችኛው ቀዳዳ ላይ ያስገባኋትን ቀጭን ብሎን ነው። ሦስት እጅ ረጨሁ፤ ምንም አልሆነም። አራተኛውን ረጭቼ መርጫውን ላስቀምጥ ዞር ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ብሎኗ ከቀዳዳው ሾልካ ቦዲው ሲሚንቶው ላይ ወድቋል። አንዱ ቀንዱ ተሸርፏል። እርጥቡ ፊት የወለሉን አቧራ ሁሉ ለብሷል። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር። ጊታሩን ላዘዘኝ ልጅ ደውዬ ስነግረው "ምንም አይደል ጋሼ" አለኝ። ድምፁ ግን ምንም አይደል አይልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ መያዣውና መስቀያው ሳያልቅ የቀለም ቆርቆሮ አልከፍትም። የሚከተለው አሠራር ከዚያ ውድቀት በኋላ በየሥራው እያስተካከልኩ ያመጣሁት ነው።

በመጀመሪያ ጊታሩን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት

ጊታሩን ባዶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ክሩ፣ መቃኛው፣ ፒክአፑ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው)፣ ብሪጁ (ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት) ሁሉ ይውለቅ። ከዚያ አንድ ነገር ፈልጉ፦ ሥራው ሲያልቅ የማይታይ ቦታ የቱ ነው?

በእያንዳንዱ ክፍል ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አለ። አንገቱ በብሎን የሚታሠር ኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነ፣ ቦዲው ላይ አንገቱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ አለ። አንገቱ ራሱ ደግሞ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ የሚደበቅ ተረከዝ አለው። አኩስቲክ ጊታር ከሆነ ከታች የማንገቻው ቀዳዳ፣ በውስጥ በኩል ደግሞ አንገቱን የሚሸከመው ወፍራም እንጨት አለ። ብሪጁ የሚጣበቅበት ቦታም ይደበቃል። መያዣችሁን እዚህ ላይ ትተክላላችሁ። እዚህ ላይ ቀለሙ ቢጎድል፣ ቀዳዳ ቢቀር፣ ምልክት ቢኖር ማንም አያየውም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። የአሜሪካው ፌንደር የጊታር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቦዲዎቹን ሲረጭ ፊታቸው ላይ ትንንሽ ሚስማሮች ይመታ ነበር። አንዱን ገጽ ከረጩ በኋላ ይገለብጡትና በሚስማሮቹ ላይ ያቆሙታል። የሚስማሮቹ ቀዳዳ አብዛኛው በኋላ በሽፋንና በብረት ይደበቃል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአንገቱ ጉድጓድ ላይ ዱላ ማሠር ጀመሩ። ዱላው የነበረበት ቦታ ቀለም ሳይነካው ይቀራል። ዛሬ የድሮ ጊታር የሚገዙ ሰዎች አንገቱን ፈትተው ያንን ቀለም ያልነካው ቦታ ይፈልጋሉ፤ ጊታሩ እውነተኛ ለመሆኑ አንዱ ምልክት ነውና። እኔም ከሁሉ የምወደው መያዣ ይኸው ዱላ ነው።

የቦዲው ዱላ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ አብዛኛው ነገር የሚወሰነው በዱላው ነውና።

ደረቅና ቀጥ ያለ እንጨት ፈልጉ። ከሞራሌ የተሰነጠቀ ይሆናል። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ስፋቱ ከጉድጓዱ መጥበብ አለበት። የተለመደው የአንገት ጉድጓድ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ስለሆነ፣ ዱላው ከ4 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይብለጥ። በሁለቱም ጎን ክፍተት መኖር አለበት። ዱላው ጎኑን ከነካ ቀለሙ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል፤ ዱላውን ስታነሡ የጠርዙም ቀለም አብሮ ይላጣል።

ዱላውን ከማሠራችሁ በፊት የጉድጓዱን ወለልና ግድግዳ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ነገር ግን ግድግዳው ላይ አራት አምስት እጅ ላከር (ቲነሩ ተንኖ ሲወጣ የሚደርቀው ቀለም) ሲከማች ጉድጓዱ ይጠባል። አንገቱን በግድ ስታስገቡት ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ይሰነጠቃል። አንገቱ በኮላ የሚጣበቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ መሸፈኑ ግዴታ ነው። ኮላ እንጨት ይዞ እንጂ ላከር ይዞ አይጸናም።

አሁን የብሎኑን ርዝመት አስሉት። የቦዲው ውፍረት ብዙ ጊዜ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ጉድጓዱ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል። ስለዚህ ከጉድጓዱ ወለል በታች የሚቀረው እንጨት 29 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዱላው 20 ሚሊ ሜትር ከወፈረና 40 ሚሊ ሜትር የእንጨት ብሎን ከተጠቀማችሁ፣ ብሎኑ እንጨቱ ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ይነክሳል። በጀርባ በኩል አይወጣም፣ በደንብም ይይዛል። የእናንተን ቦዲ ግን ራሳችሁ ለኩት። ቀጭን ቦዲ አለ፤ ከጀርባው የተቆረጠም አለ።

ሁለት ብሎን ይበቃል። አንድ ብሎን አይበቃም፤ ቦዲው ይሽከረከርበታል። በቅድሚያ በትራፓኖ ቀጭን መንገድ ክፈቱለት፤ ዋንዛም ቢሆን በግድ ሲገባበት ይሰነጠቃል። አራቱን የአንገት ቀዳዳዎች አትንኳቸው። ቀዳዳዎቹ ቀድሞውኑ ሰፊ ስለሆኑ ብሎኑ አይነክስባቸውም። እኔን ያዋረደችኝ ብሎንም እንዲሁ ልቅ ቀዳዳ ውስጥ የገባች ነበረች።

አዲስ ቀዳዳ መብሳት የማትፈልጉበት ጊታር ካጋጠማችሁ፣ የድሮ ወይም የሰው አደራ ከሆነ ማለት ነው፣ ሌላ መንገድ አለ። ከጀርባ በኩል በሁለቱ የአንገት ቀዳዳዎች ቡሎን አሳልፉና ዱላውን በዳዶ እሠሩት። ከቡሎኑ ራስ ሥር ትንሽ ሮንዴላ ይግባ። ሮንዴላው የአንገት ብረቱ (የአንገቱ ብሎኖች ከጀርባ የሚያልፉበት ብረት) ከሚሸፍነው ቦታ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። የአንገት ብረት የሌላቸው ጊታሮች ላይ ይህ አይሆንም።

በመጨረሻ ዱላው ጫፍ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። መስቀያው የሚገባው እዚያ ነው። ዱላው ስትረጩ እጀታ ነው፣ ስትጨርሱ መስቀያ ነው። ቦዲው ከእጅ ወደ መንጠቆ ሲሄድ ጣት አይነካውም። ለዚህ ነው ከሌላው ሁሉ የምመርጠው።

ቦዲው ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መርጨት መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስላል፤ ሦስተኛው እጅ ላይ ክንድ ይዝላል። ክንድ ሲዝል ደግሞ መርጫው ይጠጋል፣ ቀለሙም ያነባል። ስለዚህ ዱላውን የሚቀበል ነገር ሥሩ። እኔ ከጠረጴዛዬ ጠርዝ ጋር የቱቦ ቁራጭ አሥሬአለሁ። የዱላውን ጫፍ አሞልሙዬ ቱቦው ውስጥ እከተዋለሁ። ቦዲው ጠፍጣፋ ሆኖ በአየር ላይ ይቆማል፤ እንደፈለግኩም አገላብጠዋለሁ። እርጥብ ላከር በተኛ ገጽ ላይ እኩል ይረጋል፤ በቆመ ገጽ ላይ ግን ወደ ታች ይፈስሳል። ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ርጩና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ መንቀሳቀሱን ሲያቆም አንሥታችሁ ስቀሉት።

አኩስቲክ ሲሆን

አኩስቲክ ጊታር ባዶ ሣጥን ነው፤ ፊቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ እንጨት ነው። ስለዚህ አያያዙ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የድምፅ ቀዳዳው ይዘጋ። ካልተዘጋ ቀለሙ ውስጥ ገብቶ የውስጡን እንጨት ያጠግበዋል። ተራ የልጆች ፊኛ ይበቃል። ያልተነፋውን ፊኛ በቀዳዳው አስገቡና ከውስጥ ንፉት። ከቀዳዳው ጠርዝ ሥር በቀስታ ሲነካ አቁሙና ቋጥሩት። በጣም ከተነፋ ስሱን እንጨት ወደ ላይ ይገፋዋል። ፊኛው ላይ ቲነር የበዛበት ቀለም ካረፈ ሊፈነዳም ይችላል፤ ስለዚህ በዚያ አካባቢ ቀለል አድርጋችሁ ርጩ። ፊኛ የማያምን ሰው ከቀዳዳው ሰፋ ያለ ክብ ካርቶን ቆርጦ፣ አጥፎ አስገብቶ ውስጥ ይዘርጋው፤ ከሥር ወደ ላይ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ያጣብቀው።

የብሪጁን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ፕላስተሩን ከብሪጁ ዙሪያ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አሳንሱት፤ ብሪጁ ሲቀመጥ የቀለሙን ጠርዝ ይሸፍናል። እዚህም ምክንያቱ ኮላው ነው። ብሪጅ የክሮቹን ውጥረት ሁሉ ይሸከማል። ላከር ላይ የተጣበቀ ብሪጅ አንድ ቀን ተነቅሎ ይወጣል።

አንገቱ ከወለቀ ዱላውን ከአንገቱ መገናኛ ጋር እሠሩት፤ እዚያ ያለው እንጨት ወፍራም ነው። አንገቱ ካልወለቀ ሁለት መያዣ ያስፈልጋችኋል። አንዱ ከላይ በመቃኛው ቀዳዳ የሚያልፍ የታጠፈ ሽቦ ነው። ሁለተኛው ከታች በማንገቻው ቀዳዳ የሚገባ የተሞለሞለ እንጨት ነው። የታችኛው የእጃችሁ መምሪያ ብቻ ነው። ክብደቱን በእርሱ አታንጠልጥሉ። ያ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ እንደገባ ሁሉ ተንሸራትቶ ይወጣል።

አንገቱ

የአንገቱ ጣውላ፣ ጣት የሚያርፍበት፣ ጥቁር ወይም ቀይ እንጨት ከሆነ ብዙውን ጊዜ አይረጭም። በፕላስተር ሸፍኑትና ጠርዙን በጥፍራችሁ ተጫኑት። ነጣ ያለው ሜፕል የሚባለው እንጨት ከሆነ ግን ከፍሬቶቹ (ጣውላው ላይ ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ጋር አብሮ ይረጫል፤ ካልተረጨ ላብና እድፍ ይጠጣል። ከፍሬቶቹ ላይ ያረፈውን ላከር በኋላ ትፍቃላችሁ።

የመቃኛ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ጥቅል ወረቀት አስገቡ። ቀዳዳው ውስጥ ላከር ሲከማች የመቃኛው ቀለበት በግድ ይገባል። ያን ጊዜ ዙሪያውን እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ይህን ስህተት በብዙ ጊታር ላይ አይቼዋለሁ፤ በራሴም ሥራ ላይ።

ለብቻው የወለቀን አንገት በጭንቅላቱ አትስቀሉት። ሽቦው የቀዳዳውን ጠርዝ ያበላሸዋል፤ ሰውም መጀመሪያ የሚያየው ጭንቅላቱን ነው። በተረከዙ ስቀሉት። ተረከዙ ላይ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ፤ እነርሱ እውነተኛ ንክሻ ስላላቸው ትንሽ ዱላ በሁለቱ እሠሩበት። ጭንቅላቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል ማለት ነው። የሚፈስ ነገር ካለ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል። ከረጫችሁ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተመልሳችሁ ጫፉን እዩት። ጠብታ ካለ በብሩሽ ጫፍ ሳቡት።

ትንንሾቹ

ትንንሽ ክፍሎች የሚበላሹት በአየሩ ነው። መርጫው ሲነፋ ይበርራሉ። ግፊቱን ቀንሱ።

የእንጨት ጉልላቶችን (የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን እጀታዎች) እርሳስ ላይ ወረቀት ጠቅልላችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ሰኩ። ሽፋኖችን ከጀርባቸው በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር በእንጨት ቁራጭ ላይ አጣብቁ፤ እንጨቱ ከሽፋኑ ያነሰ ይሁን፣ አለዚያ ጠርዙ አይረጭም። ብሎኖችን ወፍራም ካርቶን ላይ ትከሉ። የብሎን ቀዳዳ ያለው ትንሽ ነገር ሁሉ ስቴኪኒ ይቀበላል።

ጠፍጣፋ ነገር በሁለቱም ገጽ የሚረጭ ከሆነ የሚስማር አልጋ ሥሩለት። ኮምፔንሳቶ ላይ ቀጫጭን ሚስማሮች ከሥር ወደ ላይ ምቱ፤ ጫፎቹ እኩል ከፍታ ይኑራቸው። የማይታየውን ገጽ መጀመሪያ ርጩና ገልብጣችሁ ሚስማሮቹ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ የሚታየውን ርጩ። ያረጀ ተሽከርካሪ ወንበር ካላችሁ መቀመጫውን አንሡና ሰሌዳውን በእግሩ ላይ እሠሩት። እናንተ ቆማችሁ ሥራው ይዞርላችኋል።

ለክራር ሠሪዎችም አንድ ነገር ልበል። ክራሩን ቆዳው ከመወጠሩ በፊት ርጩት። ገበቴውን ከውስጥ በኩል ያዙት፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ እንጨት አስገብታችሁ ወጥሩና መስቀያውን ከእርሱ ጋር እሠሩ። ውስጡን በኋላ ቆዳው ይሸፍነዋል።

መስቀያው

ወራጁ ላይ ወይም በሁለት ምሰሶ መካከል የብረት ቱቦ ዘርጉ። ከፍታው 2 ሜትር ገደማ ይሁን፤ የተሰቀለው ነገር ደረታችሁ አካባቢ ይውላል። መንጠቆዎቹ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ይራራቁ፤ እንዳይንሸራተቱም በሽቦ ይታሠሩ። አንዱ ተንሸራቶ ሌላውን ከነካ ሁለቱም ተበላሹ ማለት ነው።

ለመንጠቆ ከሁሉ የተሻለው ሥጋ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው፤ በሁለቱም ጫፍ የታጠፈው ወፍራም ብረት። ከሌለ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዚንክ የተነከረ ሽቦ በፒንሳ አጥፉ። ፌሮ የሚታሠርበት ጥቁር ሽቦ ለስላሳ ነው፣ ክብደት ሲበዛበት ይዘረጋል። የመብራት መዳብ ሽቦም እንዲሁ ነው፤ ፕላስቲኩም ቲነር ሲነካው ይለሰልሳል። ጣና ላይ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን ናይለን እኔም ሞክሬዋለሁ። ጠንካራ ነው። ነገር ግን ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ የተሰቀለውም ነገር ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል። ለቀላል ነገር ካልሆነ አልጠቀምበትም።

መሽከርከሩን ለመከልከል ዱላውን በሁለተኛ ቀጭን ሽቦ ከቱቦው ጋር እሠሩት። ሁለት ነጥብ ላይ የተሰቀለ ነገር አይዞርም።

ከዚያ ፈትኑት። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሙሉና በዚያው መንጠቆ አንጠልጥላችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። አምስት ኪሎ ነው፤ ከቦዲው እጥፍ በላይ። ጠዋት መንጠቆው ካልተከፈተ፣ ቱቦው ካልጎበጠ እመኑት። የዱላውን ብሎን ደግሞ ቦዲውን ይዛችሁ ዱላውን በኃይል በመሳብ ፈትኑት። የሚወጣ ከሆነ አሁን ይውጣ።

ደረቅ ልምምድ

ይህን ከሁሉ በላይ አደራ እላለሁ። መርጫው ባዶ ሳለ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ አድርጉት። ዱላውን ያዙ። ጎኖቹን፣ ጀርባውን፣ ፊቱን እንደምትረጩ እጃችሁን አንቀሳቅሱ። ከዚያ መርጫውን አስቀምጡና ሄዳችሁ ስቀሉት። መርጫውን የት አስቀመጣችሁ? የኮምፕሬሰሩ ቱቦ እግራችሁ ላይ ተጠመጠመ? በሩን በየትኛው እጅ ከፈታችሁ? ቦዲው በመንገድ ላይ ምን ነካ?

እኔ በዚህ ልምምድ ላይ ነው የኮምፕሬሰሩ ቱቦ እርጥቡን ቦዲ እንደሚመታ ያወቅኩት። አሁን ቱቦውን በትከሻዬ ላይ አድርጌ በጀርባዬ አወርደዋለሁ። የሠፈር የመኪና ቀለም ባለሙያዎችን እዩአቸው፤ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋሉ።

የባሕር ዳር አየር

ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ። እዚህ ከተማ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላከር መርጨት ከባድ ነው። ቲነሩ ሲተንን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ያለው እርጥበት እላዩ ላይ ያርፍና ቀለሙ ወተት እንደፈሰሰበት ይነጣል። ይህ ከደረሰባችሁ በላዩ አትደርቡ። ፀሐይ ወጥቶ አየሩ እስኪደርቅ ጠብቁና ዘግይቶ የሚደርቅ ቲነር በስሱ ርጩበት፤ ብዙውን ጊዜ ይጠራል።

በበጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ድረስ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። ጤዛው ደርቋል፣ ከሐይቁ የሚነሣው የከሰዓቱ ነፋስ ገና አልበረታም። ነፋሱ ሲነሣ የተሰቀለውን ያወዛውዛል፣ የባጃጁንም አቧራ ይዞ ይገባል። ከመርጨታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ወለሉን ውኃ አርከፍክፉት። አቧራው ይተኛል።

ማታ አትርጩ፤ የተሰቀለም ነገር አጠገብ መብራት አታሳድሩ። የሐይቅ ዳር ሰው ይህን ያውቃል። መብራት በበራ በደቂቃዎች ውስጥ ትንኙ ይሰበሰባል። ጥቁር ቦዲ ላይ ሠላሳ አርባ ትንኝ ተጣብቆ ማደር ምን ያህል እንደሚያናድድ ልነግራችሁ አልችልም።

እሳትና ሳንባ

የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ሄዶ ሩቅ ያለ ፍም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ግቢውን ዙሩ። ከሰል ተያይዟል? ቡና ተፈልቷል? ዕጣን እየጨሰ ነው? ጎረቤት እትዬን በአክብሮት "እስክጨርስ ድረስ ከሰሉን ወዲያ ማዶ ብናደርገው" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ተራ ማራገቢያም ከሞተሩ ብልጭታ ስለሚወጣ ትነቱን ለማስወጣት አትጠቀሙበት። ሁለቱንም በር ከፍታችሁ አየሩ ይለፍ።

የጨርቅ ጭምብል አቧራ እንጂ ትነት አያስቀርም። የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን የመኪና ቀለም ግን ቤት ውስጥ አትርጩ። ማጠንከሪያው ሳንባን ለዕድሜ ልክ ሊጎዳ ይችላል፤ የአየር መስመር ያለው ጭምብል ላላቸው ባለሙያዎች ተዉት።

ርጩ፣ ስቀሉ፣ ተዉት

እዚህ ከደረሳችሁ መርጨቱ ራሱ አጭር ነው። መርጫው ከገጹ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። መጀመሪያ ጎኖቹን፣ ከዚያ ጀርባውን፣ በመጨረሻ ፊቱን። እያንዳንዱ ጉዞ ያለፈውን በግማሽ ይደርብ። ከጠርዙ ውጭ ጀምሩ፣ ከጠርዙ ውጭ ጨርሱ። ስስ አድርጉት። በእጆቹ መካከል አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ በቀን ከሦስት እጅ አትለፉ።

በመካከል ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ ቦዲውን በጣት አትንኩ። ዱላው ላይም እኮ ቀለም አርፏል። ዱላውን ንኩት።

የመጨረሻው እጅ ካለቀ በኋላ በማግስቱ በጉድጓዱ ዙሪያ ፕላስተሩና ቀለሙ የተገናኙበትን መስመር በስለታም ምላጭ በስሱ ቁረጡ። ፕላስተሩን ሳትቆርጡ ብትስቡት ቀለሙን ይዞ ይላጣል። የሚታየውን የፕላስተር ጠርዝ አንሡ፤ ዱላውን ግን አትፍቱት። ቦዲው በዱላው ላይ እንደተሰቀለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆይ። ናይትሮ የሚባለው ላከር ከላይ ቢደርቅም ከሥር ለብዙ ቀን ቲነር ይተነፍሳል። ሣጥን ውስጥ አትክተቱት፣ ጨርቅ ላይ አታስተኙት፣ ጎማ ባለው ማቆሚያም ላይ አታሳርፉት፤ ጎማ ናይትሮን ያለሰልሰዋል፣ ቅርጹንም ያትምበታል።

እኔ የረጨሁበትን ቀን በዱላው ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ቀኑ ሲደርስ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተዋለሁ። ቲነር የሚሸት ከሆነ መልሼ ቱቦው ላይ እሰቅለዋለሁ። የማይሸት ከሆነ ሁለቱን ብሎኖች በካቻቢቴ እፈታለሁ።